እንቅልፍ የማያውቀው ዲያቆን

በእኛ አገር የሚተኛ ሰው አይመሰገንም። ልጆች ሆነን ኪዳን ሳይደርስ ያልተነሳ ሰው ፊቱ ላይ ውሃ ይረጭበት ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ማኅሌት ቆሞ ያደረ ዲያቆን ግን በማግስቱ እናቱ ገበያ ስትወጣ ሴቱ ሁሉ መንገድ ይለቅላታል። የምግቡም ነገር እንደዚያው ነው። የአንድን መነኩሴ ደግነት ሊነግሩን ሲፈልጉ መጀመሪያ የሚነግሩን ምን ያህል ትንሽ እንደሚቀምስ ነው። ይህን የማነሳው በቢቸና ላይ ላሾፍ ብዬ አይደለም። ተወልጄ ያደግሁበት ነው፤ ዛሬም እጾማለሁ፣ ዛሬም ማኅሌት ሲቆም ደስ ይለኛል። የማነሳው የወንድሜ የይታገስ ነገር ያለዚህ ስለማይገባ ነው።

ይታገስ ታናሼ ነው። አባታችን መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ የደብራችን የዜማ መምህር ነበሩ። ሲያርፉ ለእናታችን ለወይዘሮ ፀሐይነሽ የተዉላት ሁለት ልጆች፣ አንድ መቋሚያና አንድ የብር ጸናጽል ነው። ጸናጽሉ በጨርቅ ተጠቅልሎ ግድግዳ ላይ ይሰቀል ነበር፤ ይታገስ ሲያድግ ይይዘዋል ተብሎ ነው የተቀመጠው። እሱም ዲቁናውን ተቀብሎ የኔታ ኃይለ ሚካኤል ዘንድ ቅኔ ገባ። የኔታ በሰው ፊት አያወድሱም፤ እሱን ግን የአባቱን ቦታ እንደሚይዝ ይናገሩለት ነበር። ከዚያ አንድ ክረምት ከጓደኞቹ ጋር ጠፋ። በጅቡቲ ወጥቶ በየመን በኩል ሳውዲ ገባ ተባለ። እናታችን ያን ክረምት ያለቀሰችው አባታችን ሲሞቱ ካለቀሰችው ይበልጣል። የሞተ ይቀበርና ይረፍ ይባላል፤ የጠፋ ልጅ ግን በር በተንኳኳ ቁጥር ያስነሳል።

እኔ በዚያ ጊዜ ጅዳ የሰው ቤት ሠርቼ ተመልሻለሁ። ሞጣ አግብቼ ልብስ እየሰፋሁ እኖር ነበር። ዓመታት አልፈው፣ ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ይታገስ ጂዛን እስር ቤት ከርሞ ከብዙ ሰው ጋር በአውሮፕላን ተጭኖ ወደ አገሩ ተመለሰ። ልቀበለው ቢቸና ስሄድ አጥንቱ ወጥቶ አገኘሁት። የታሰረ ሰው ቢከሳ አይደንቅም፤ አቅፌው አልቅሼ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ዝናው የደረሰኝ ከዚያ በኋላ ነው።

መጀመሪያ የነገረችኝ ከቢቸና ጤፍ እየጫነች ሞጣ ገበያ የምትመጣ ነጋዴ ናት። የናንተ ልጅ ጸጋ ወረደለት አለችኝ። ማኅሌት ሲቆም ሌላው መቋሚያው ላይ ተደግፎ ሲያንጎላጅ እሱ እስኪነጋ ሳይደገፍ ይቆማል። ነግቶ ሰው ወደየቤቱ ሲገባ እሱ ግቢውን ይጠርጋል። ከዚያ የቅጥሩን ድንጋይ አፍርሶ እንደገና ይደረድራል፤ ደርድሮ ሲጨርስ አይወደውም፣ ደግሞ ያፈርሰዋል። ሕዝቡ ይህን ትጋት አለው። ዐቢይ ጾምን በእፍኝ በእፍኝ ሽምብራ አሳለፈው። በየጊዜው ደግሞ ሱባኤ እገባለሁ ብሎ ዓባይ በረሃ ወዳለ ገዳም ይወርዳል። እናታችን በሶ በከረጢት ቋጥራ ትሰጠዋለች፣ ሲመለስ ከረጢቱ እንደተቋጠረ ነው። እምዬ ቋጠሮውን ሳትፈታ ለጎረቤቱ ሁሉ አሳየችው።

ግንቦት ላይ የታመመ ልጅ ያዘሉ እናቶች በራችን ላይ መቀመጥ ጀመሩ። ከየጁቤ ድረስ የመጣች ሴት ነበረች። ይታገስ ወጥቶ ውዳሴ ማርያም ይደግምላቸዋል፣ እነሱም ልባቸው ሞልቶ ይሄዳሉ። የሚያሳዝነው አንዳንዱን ልጅ ጤና ጣቢያ ቢወስዱት በአንድ ሽሮፕ የሚድን ነበር። አንድ ቄስ ደግሞ ልጃቸውን ሊድሩለት ፈቀዱ። ፍልሰታ ሲፈታ ሽማግሌ ተቀምጦ ቀን ሊቆረጥ፣ ካገባም በኋላ ቅስና ሊቀበል ነው ተባለ። እናታችን ስትደውልልኝ ድምጿ የኮረዳ ድምፅ ሆኖ ነበር። ለዓመታት ደጅ የጠናችበትን ሁሉ እግዚአብሔር በአንድ ዓመት ሰጣት። እኔም ደስ አለኝ፤ ማን ይጠላል?

ነሐሴ ሲገባ ፍልሰታን እናቴ ዘንድ ልጹም ብዬ ሱቄን ዘግቼ ተነሳሁ። ከሞጣ በግንደወይን አድርጎ የሚመጣው አውቶቡስ ጭቃ ይዞት ሲጎተት ውሎ ወደ ማታ ደረስኩ። ይታገስ በረንዳ ላይ ተቀምጦ የእናታችንን ሬዲዮ ፈታትቶ ብሎኖቹን በየመጠናቸው ይደረድራል። ተነስቶ ሳመኝ። ስሞኝ ሲያበቃ ፊቱን ቀና ብዬ አየሁት። መንጋጋው አያርፍም፤ አፉ ውስጥ ምንም ሳይኖር ያኝካል። የፊት ጥርሶቹ ከሥራቸው ጠቁረው ተሸራርፈዋል። ነጠላው ከትከሻው ሲንሸራተት ክንዱ ላይ ራሱ ቧጭሮ ያቆሰለውን ቁስል አየሁ። እሱም ማየቴን አይቶ ነጠላውን መለሰው።

ያንን መንጋጋ አውቀዋለሁ። ጅዳ የሠራሁበት ቤት የበኩር ልጁ እንደዚህ ያኝክ ነበር። እሱም ዕቃ እየፈታ ምንጣፉ ላይ ይደረድር ነበር። ምግቡን በሩ ላይ አስቀምጥለትና ደርቆ አነሳው ነበር። ነገሩን ሻቡ ይሉታል። የመስታወት ስባሪ የመሰለ ነገር ነው፤ አቃጥለው ጢሱን ይስቡታል። እንቅልፍንም ረሃብንም ይወስዳል፣ ቀጥሎ ሰውየውን ይወስዳል። ያ ልጅ አንድ ቀን ልቡ ቆሞ ክፍሉ ውስጥ ተገኘ። አንሶላውን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ የወንድሜን ፊት ሳይ የመጣብኝ ፍርሃት የወሬ ፍርሃት አልነበረም።

በማግስቱ ልብስ ላጥብ ምንጭ ስወርድ ጥቅሉን እንዲሸከምልኝ ይዤው ሄድኩ። ሰው አለመኖሩን አይቼ ሻቡ ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁት። አልካደም። ድንጋይ ላይ ቁጭ አለና ጉልበቱን እያወዛወዘ ሁሉንም ነገረኝ። እፎይ ያለ ይመስለኛል፤ የነገሩን ስም በሚያውቅ ሰው ፊት መናገር ካማረው ቆይቷል።

ጂዛን በረሃ በግና የውሃ ሞተር ይጠብቅ ነበር። ሌሊት ሞተሩን፣ ቀን በጉን። የሚተኛበት ሰዓት አልነበረውም፤ ተኝቶ ከተገኘ ይደበደባል። አሠሪው የላካቸው ሰዎች ይህን ሳብ፣ ትነቃለህ ብለው ሰጡት። ድካሙም ናፍቆቱም በአንድ ጊዜ ለቀቀው። እስር ቤት ሲገባ የሚያገኘው ስላልነበረ ቀን ከሌት ተኛ፣ ከዚያም ያገኘውን ሁሉ በላ። አገሩ ሲገባ ነጻ ነበር። ይህን ሲናገር ቀና ብሎ አየኝ፤ እንዳምነው ፈልጎ ነው። አመንኩት።

ያበላሸው የመጀመሪያው ማኅሌት ነው። በተመለሰ በሳምንቱ አባታችን ይቆሙበት የነበረው ቦታ ላይ አቆሙት፣ ጸናጽላቸውንም አስያዙት። ሰውነቱ ገና አላገገመም ነበርና ቆሞ አንቀላፋ፤ ጸናጽሉ ከእጁ ወድቆ ቤተ መቅደሱን አናጋው። ሰው ሳቀ። ሲነጋ እናታችን ከሴቶቹ ጋር ስትወጣ አንገቷን ደፍታ ነበር። በሳምንቱ ደጀን ወርዶ ፋንታን አገኘው። ፋንታ አብሮት ሳውዲ የሄደ ልጅ ነው፤ አሁን የከባድ መኪና ረዳት ሆኖ መንገድ ላይ ነው የሚኖረው። ዕቃው ከየት እንደሚመጣለት ይታገስ አልጠየቀውም። አንድ ሌሊት ብቻ፣ የእምዬን አንገት ቀና ለማድረግ ያህል ነበር ያሰበው። በሚቀጥለው በዓል እስኪነጋ ቆመ፣ እናታችንም ቀና ብላ ወጣች። ከዚያ ወዲያ ማቆም የሚባል ነገር አልነበረም።

ገዳም የሚባለውም ደጀን ያለ የመኝታ ክፍል ነው። በሶው ያልተበላው ስለማይዋጥለት ነው። ጸናጽሉን ጠየቅሁት፤ ግድግዳው ላይ አጥቼው ነበር። ሽጦታል። እናታችን ባዶውን ምስማር ስታይ ለገዳሙ ሰጥቶት ይሆናል ብላ ራሷ ተናገረች፣ እሱም አላረማትም።

«እታለም፣ እኔ ቅዱስ ነኝ ብዬ አላውቅም» አለኝ። «አንዴም አላልኩም። ያሉት እነሱ ናቸው። አሁን እንዴት አድርጌ ልውረድ?»

ወደ ሞጣ አብረን እንሂድ ብዬ ለመንኩት። እምቢ አለ። እምዬ ሳታውቅ ብሄድ ጠፋ ብላ ትሞታለች፣ ብታውቅም ትሞታለች አለ። አባባ ካረፉ ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም፣ ሳቋን እኔ አልቀማትም አለ። ልብሱን አጥቤ ሳልጨርስ ተነስቶ የምንጩን ዳር ድንጋይ በረድፍ ይደረድር ጀመር።

ሞጣ ግቢያችን ውስጥ ከሆሳዕና ተመድባ የመጣች የአእምሮ ጤና ነርስ ተከራይታ ትኖራለች። ደወልኩላት። አንድ ጊዜ ውጦ የሚዳንበት ኪኒን እንደሌለው ሳትሸፋፍን ነገረችኝ። ምግብ፣ እንቅልፍ፣ የሚከታተለው ሐኪምና አጠገቡ የሚሆን ሰው ነው የሚያስፈልገው፤ ጊዜም ይፈጃል። ሳይበላና ሳይተኛ እንደዚህ ከቀጠለ ልቡ አንድ ቀን እንደሚቆም፣ ዕቃው ሲቋረጥበት ደግሞ ራሱን ሊጠላ ስለሚችል ብቻውን እንዳይተው አስጠነቀቀችኝ። አሁኑኑ ይብላ፣ ቶሎ አምጪው አለች። እሷ ጴንጤ ናት፤ ፍልሰታ መሆኑን ስነግራት፣ የእናንተ ሃይማኖት የታመመ ሰው ይጹም ይላል እንዴ ብላ ጠየቀችኝ። አይልም። ጾም ለታመመ የለም፤ ይህን ሕፃን ልጅም ያውቀዋል።

እናታችንን ጓዳ ውስጥ ሽሮ ስትነፋ ብቻዋን አግኝቼ ነገርኳት። ከምንጩ የሰማሁትን አንድ ሳላስቀር ነገርኳት፣ ጸናጽሉንም ጭምር። አላመነችኝም። መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥሎ ተቆጣች። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ይላሉ፣ ወንድምሽ ስለሆነ ናቅሽው አለችኝ። ከየጁቤ በእግሯ የመጣች ሴት የምታየውን አንቺ እንዴት አጣሽው አለች። ጅዳ የቆየ ሰው በሁሉም ላይ የዐረብን ኃጢአት ያያል ብላም ጨመረች። ይህን ዋጥኩት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም አልኳት። እሷም የተደበቀ የለም፣ ሕዝብ ሁሉ ያየዋል አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ሕዝብ ሁሉ ያየዋል።

በመጨረሻ ለመንኳት። ሌላው ይቅር፣ ነገ ረፋድ ላይ ትንሽ በሶ ብቻ በጥብጠሽ ስጪው አልኳት። ከእኔ እጅ አይቀበልም፣ ካንቺ እጅ ግን እምቢ አይልም አልኳት። እናታችን ቀስ ብላ ወንፊቱን አስቀመጠች።

«ፍልሰታ ነው፤ ቅዳሴ ሳይወጣ ለልጄ ምግብ ሰጠሁ ማለት ታሟል አልኩ ማለት ነው» አለች። «ለቄሱ፣ ለሙሽራይቱ፣ ልጃቸውን ተሸክመው ለመጡት ሁሉ ታሟል ልበላቸው? ልጄ አልታመመም። የታመመ ሰው እንደዚህ አይቆምም።»

ከእሷ ወጥቼ የኔታ ኃይለ ሚካኤል ዘንድ ሄድኩ። የኔታ ሸምግለዋል፣ ዓይናቸውም ደክሟል፤ ጥርሱንና ክንዱን ማየት አይችሉም። ከጎጇቸው ደጃፍ አጎዛ ላይ ተቀምጠው እስክጨርስ ሰሙኝ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር።

«ከመጣ ወዲህ አንድ ቅኔ አልሞላም» አሉ። «ይጀምራል፣ ሦስተኛው ቤት ላይ ሲደርስ ሐሳቡ ይበተንና ሌላ ይጀምራል። ድሮ የማውቀው ልጅ ቅኔ ሲዘርፍ አያቆምም ነበር። ትሕትና ነው ብዬ ነበር።»

«ትሕትና አይደለም፣ የኔታ። እባክዎ እርስዎ ለሕዝቡ ይንገሩልኝ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። እናትየው ሳታምን እሳቸው ቢናገሩ ሕዝቡ እሷን እንደሚያዋርዳት፣ እሷም በግትርነት ልጁን ይዛ እንደምትቀር ነገሩኝ። ፀሐይነሽን ከልጅነቷ አውቃታለሁ፣ ከገፏት አትሄድም፣ ራሷ ከተነሳች ግን የሚያቆማት የለም አሉ። እኔ ከመበሳጨቴ የተነሳ እጃቸውን ሳልስም ወጣሁ። ሰው እየሞተ ክብር ይጠበቃል ወይ አልኩ በልቤ። እሳቸው ግን እናቴን ከእኔ ይልቅ ያውቋት ነበር።

በዚያው ሰሞን ከባድ ዝናብ ዘንቦ ዓባይ በረሃ መንገዱ ላይ አፈር ተደረመሰ። መኪና ከወዲያ ወዲህ አላልፍ አለ፣ ፋንታም ከወዲያኛው ቀረ። ይታገስ የቀረችውን ቆጥቦ ቆጥቦ ጨረሳት። እሷ ስታልቅ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ከፋ። ጥዱ ላይ ሰዎች ተቀምጠው ስሙን እንደሚጠሩት ይነግረኝ ጀመር። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ እየዞረ እየመጡ ነው፣ እየመጡ ነው ይላል። ለሱባኤ ዳስ ጥለው የተቀመጡት ሰዎች ይህን ሰምተው ተንበረከኩ። እነማን ናቸው የሚመጡት ብለው እርስ በርሳቸው ተወያዩበት። አንዷማ ቀኑ መቼ እንደሆነ ጠይቂልኝ ብላ እኔኑ ለመነችኝ። ምን እንዳልኳት አልጽፈውም፤ በፍልሰታ የሚነገር አልነበረም።

ከዚያ ወደቀ። ከኪዳን በኋላ ወይራው ሥር ቁጭ እንዳለ ጋደም አለ፣ ተኛ፣ ቅዳሴ ገብቶ ሲወጣም አልነቃም። ማታም አልነቃም። ጎትተን ዳስ ውስጥ አስገባነው። ሕዝቡ ተመስጦ ነው፣ አትንኩት አለ። ሴቶች ነጠላቸውን እየደረቡ አለበሱት። ወይራው ሥር የተኛበትን አፈር በመሀረባቸው ጥግ የሚቋጥሩ ነበሩ። እናታችን ራስጌው ተቀምጣ ዝንብ ትከላከላለች። እኔ ትንፋሹን ለመስማት ጆሮዬን ደረቱ ላይ አደርጋለሁ። አንድ ጊዜ ቀና ስል ዓይኗን ፊቴ ላይ ተክላ አገኘኋት። ልትጠይቀኝ የፈለገችው ነገር ነበር፣ አልጠየቀችኝም። ነጠላው ተገልጦ ክንዱን ስታየው ግን አየኋት፤ ቁስሉን በጣቷ ዳር እየነካች ቆየች።

ቀጥሎ የሆነውን ከመናገሬ በፊት የዛሬውን ልናገር። ይታገስ አሁን ሞጣ እኔ ቤት ነው። ድኗል ብዬ አልዋሽም። ደህና የሚሆንበት ወር አለ፣ ከዚያ ደጀን እወርዳለሁ ብሎ የሚያለቅስበት ቀን አለ፤ አንዴም ጠፍቶ ሄዶ ራሱ ተመልሷል። ቄሱ ልጃቸውን ለሌላ ዳሩ፤ አልፈርድባቸውም። ቢቸና ውስጥ እናታችንን ሰላም የማይሏት ሰዎች አሉ። ነርሷ በየሳምንቱ ታየዋለች፣ መንገዱ ረጅም ነው ትለኛለች። ይህን አስቀድሜ የተናገርኩት ከዚህ በታች ያለውን ተአምር ነው ብሎ የሚያነብ ሰው እንዳይኖር ነው። ተአምር በቃን።

በተኛ በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ነው። ዝናቡ አባርቶ ሰው ከየዳሱ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል። ቅዳሴ ገና አልተገባም፣ ሕፃናቱ እንኳን አልቀመሱም። ይታገስ ተንቀሳቀሰ። ነቃ ነቃ የሚል ድምፅ በግቢው ዞረ፣ ሕዝቡም ተሰብስቦ ዳሱን ከበበ። የኔታንም አንድ ሰው እጃቸውን ይዞ አመጣቸው። ዓይኑን ሲገልጥ ሁሉም ጸጥ አለ። ከሁለት ቀን ተመስጦ የተመለሰ ሰው ምን ቃል ይዞ ይመጣል ብለው ነው። እሱ ሕዝቡን አላየም። ዓይኑን እያንከራተተ እናቱን ፈለገ፣ አገኛት።

«እምዬ፣ ራበኝ» አለ።

ድምፁ የትንሽ ልጅ ነበር። ከኋላ ያሉት ምን አለ፣ ምን አለ ተባባሉ። ቃሉ እየተቀባበለ እስከ በሩ ድረስ ሄደ። አንድ ሽማግሌ የተራበችው ነፍሱ ናት ብለው ምሥጢሩን ሊፈቱ ጀመሩ፤ ማንም አልሰማቸውም። ይታገስ ከንፈሩን እየላሰ ደግሞ ራበኝ አለ፣ እንባው በጆሮው በኩል ይወርዳል። እናታችን አልተንቀሳቀሰችም። ከልጅነቷ ጀምሮ አንድ ጾም ሽራ አታውቅም፤ በወለደች ሰሞን እንኳ የጾመች ሴት ናት። አሁን ዙሪያዋን የከበቧትን ሰዎች አንድ በአንድ አየቻቸው። መንገድ ይለቁላት የነበሩት ሴቶች ሁሉ እዚያ ነበሩ።

«የኔታ» አለች፣ ሳትነሳ። «የታመመ ሰው ይጾማል?»

የኔታ ኃይለ ሚካኤል ድምጿ ወደመጣበት ዞሩ። የጠየቀችው ስለ ሕጉ እንዳልሆነ ገብቷቸዋል።

«አይጾምም፣ ፀሐይነሽ» አሉ። «የታመመ አይጾምም።»

እናታችን እጇን ወደ እኔ ዘረጋች። ሲነቃ ይቀምሳል ብዬ ያመጣሁት ከረጢት አጠገቤ ነበር፤ ከገዳም ሳይፈታ እየተመለሰ ለጎረቤት የታየው ያው የበሶ ከረጢት። ቋጠሮውን ራሷ ፈታችው። በጣሳ ውሃ ላይ በሶውን ነስንሳ በጣቷ በጠበጠችው። ሕዝቡ ምን እያደረገች እንደሆነ ገብቶት አንዲት ሴት ኧረ ፍልሰታ ነው ስትል ሰማሁ። እናታችን ቀና አለች። ነጠላዋ ከራሷ ወርዶ ነበር፣ አልመለሰችውም።

«ልጄ ታሟል» አለች፤ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብላ ነው የተናገረችው። «ጸጋ አይደለም፣ በሽታ ነው። ልጆቻችሁን ሐኪም ቤት ውሰዱ። የኔን ልጅ ደግሞ አየር አትከልክሉት።»

ሰው ወደ ኋላ አለ። አጠገቤ የቆመች ሴት መሀረቧን ፈትታ የቋጠረችውን አፈር መሬት ላይ አራገፈች። እናታችን የይታገስን ራስ ጭኗ ላይ አሳረፈች፣ ጣሳውንም ወደ አፉ አስጠጋች። እሱ ግን ከንፈሩን ገጠመ። ጥርሱ አሞት መስሎኝ ነበር። አይደለም፤ ዓይኑ በዙሪያው ያለውን ሕዝብ አይቶ አፈረ። ቅዳሴ ሳይገባ፣ ይህ ሁሉ ሰው ጦሙን ቆሞ፣ ዲያቆን ሆኖ ብቻውን ሊበላ ነው።

እናታችን ለአፍታ አየችው። ከዚያ ጣሳውን መልሳ ወደ ራሷ አፍ ወሰደች። ሕዝቡ ሁሉ እያየ ተጎነጨች፣ ዋጠችም።

«ብቻህን አትበላም» አለችው። «በል፣ ብላ።»

አፉን ከፈተ፣ በላ። የመጀመሪያው የቅዳሴ ደወል ሲደወል ጣሳው ባዶ ነበር።